ለልብ ድካም የሚተከለው ባለ ሦስት ሽቦ ፔስሜከር፦ አብሬው ከኖርሁ ከሦስት ዓመት በኋላ

የምገመግመው ዕቃ ካልተስማማ የማይመለስ፣ አውጥተው የማያዩት፣ ቢበላሽም እቤት ፈትተው የማይጠግኑት ዕቃ ነው። ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከቆዳዬ ሥር የተቀበረ፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ከእርሱ የሚነሡ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር ውስጥ አልፈው ልቤ ድረስ ይወርዳሉ። ሐኪሞቹ «ሲአርቲ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ በአማርኛ ቢፈታ ተራርቆ የሚመታን ልብ መልሶ የማቀናጀት ሕክምና እንደ ማለት ነው። ስለ ተራው ፔስሜከር፣ ማለትም የልብን ምት በኤሌክትሪክ ስለሚያግዘው መሣሪያ፣ የተጻፈ ብዙ አለ፤ ስለዚህኛው ግን ሕመምተኛው በራሱ ቋንቋ ሊያነበው የሚችለው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ሊተከልላቸው የታሰበ ሰዎች አስቀድመው ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ይረዳቸዋል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ሦስት ዓመት ከኖርሁበት በኋላ እንደተረዳሁት በአንዱና በሌላው አምራች መካከል ያለው ልዩነት፣ ዕቃው ለትክክለኛው ልብ በመመረጡና ባለመመረጡ፣ ከተተከለም በኋላ በደንብ በመስተካከሉና ባለመስተካከሉ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው የተሠራበትን ችግር ላስረዳ። የልብ ምት የሚጀምረው ከላይኛው የቀኝ ክፍል በሚነሣ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ምልክቱ በላይኞቹና በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ባለች ትንሽ ጣቢያ ለአፍታ ይቆይና በቀኝና በግራ ቅርንጫፎች ተከፍሎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። ቅርንጫፎቹ ጤናማ ሲሆኑ ምልክቱ በመላው የታችኛው ክፍል ጡንቻ የሚዳረሰው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ስለሆነ ጡንቻው በአንድነት ይጨመቃል። የግራው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ግን ምልክቱ ወደ ግራው ክፍል የሚደርሰው ከቀኝ በኩል ዞሮ፣ ፈጣኑን መንገድ ትቶ በጡንቻው ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እያዘገመ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ቀድሞ ይጨመቃል፤ የውጨኛው ግድግዳ ገና ዘግይቶ ሲጨመቅ ደግሞ የመሐሉ ግድግዳ መላላት ጀምሯል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይለጠጣል፤ ወደ ደም ቧንቧው መውጣት የነበረበት ደም ከፊሉ እዚያው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይንገላታል። አስቀድሞ በደከመ ልብ ላይ ይህ ሲጨመር ድካሙ ይብሳል፣ ክፍሉ ይሰፋል፣ በግራ በኩል ያለው በር በደንብ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ያፈስሳል።

ይህን በቃል ሲነግሩኝ ብዙም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሐኪሜ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ ምርመራ) ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን በትንንሾቹ ሳጥኖች ላይ እያሳረፈ ሲቆጥርልኝ ነው። ወረቀቱ በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ሲታተም፣ አንዷ ትንሽ ሳጥን 40 ሚሊሰከንድ ናት። የታችኞቹን ክፍሎች መጨመቅ የሚያሳየው ሹል መስመር በጤናማ ሰው ከሦስት ሳጥን ያንሳል። የእኔው ከአራት ሳጥን አልፎ፣ ጫፉም ሹል መሆኑ ቀርቶ እንደ ኮረብታ አናት ተደልድሎ ነበር፤ ማሽኑ 164 ሚሊሰከንድ ብሎታል። «ልብዎ ደክሟል፤ እሱን ለብቻው በመድኃኒት እያከምነው ነው» አለኝ፤ «ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ግራና ቀኙ አይደማመጡም።» በኢኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ስክሪኑም ላይ የመሐሉ ግድግዳ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ነጠቅ ብሎ ሲመለስ፣ የውጨኛው ከእርሱ ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት። ልብ ሲመታ ሳይሆን ሲወዛወዝ ነበር የሚመስለው።

የዕቃው አሠራር ከዚህ በኋላ ለመረዳት ቀላል ነው። አንደኛው ሽቦ በላይኛው የቀኝ ክፍል፣ ሁለተኛው በታችኛው የቀኝ ክፍል ይቀመጣል፤ እነዚህ ሁለቱ በተራ ፔስሜከርም አሉ። ልዩ የሚያደርገው ሦስተኛው ሲሆን፣ ይህ ሽቦ የልብን የራሱን ደም በሚመልሰው ዋና የደም ሥር በኩል በጀርባ ዞሮ በግራው ክፍል ውጨኛ ግድግዳ ላይ በምትገኝ ቅርንጫፍ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ከሁለቱም ወገን ምልክት ይልካል፤ ዘግይቶ ይጨመቅ የነበረው ግድግዳ ከመሐሉ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እኔም ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው። ተራው ፔስሜከር የሚመሰገነው ባልሠራ ቁጥር ነው፤ ልብ በራሱ ከመታ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ የሚገባው ምቱ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ብቻ ነው። ይህኛው በተቃራኒው ከልብ ቀድሞ፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ መገኘት አለበት። ልብ በራሱ መንገድ ከመታ በተዘጋው ቅርንጫፍ የተነሣ ያው የተዛባው ምት ነው የሚመታው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከላይ ምልክት እንደተነሣ አጭር ጊዜ ቆጥሮ፣ የተፈጥሮው ምልክት ከመድረሱ በፊት ከሁለቱ ወገን መላክ ይኖርበታል። «ፔስሜከርህ ምን ያህል ጊዜ ይሠራል?» ተብሎ ተጠይቆ «ብዙም አይሠራም» ብሎ የሚደሰት ሰው፣ የተተከለለት ይህ ዓይነቱ ከሆነ፣ የተደሰተው ሊያሳስበው በሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ ይህ ዕቃ ለማን ነው? በዚህ ላይ የተከማቸው ማስረጃ ከብዙ የሕክምና መሣሪያዎች የጠነከረ ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች አራቱንም የልብ ክፍሎች በአንድ ላይ በፔስሜከር መምታት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ በጽኑ የልብ ድካም የተያዘ ሰው ላይ አሳይተው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ሚራክል የተባለው ጥናት 453 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ብልሃቱ ዕቃው ለሁሉም ከተተከለ በኋላ ለግማሾቹ ብቻ መብራቱ፣ ለግማሾቹ ጠፍቶ መቆየቱ ነው፤ ሕመምተኞቹ የትኛው ወገን ውስጥ እንዳሉ አያውቁም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የበራላቸው ሰዎች በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት በመካከለኛ ግምት በ39 ሜትር ሲጨምር፣ ያልበራላቸው በ10 ሜትር ጨመሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያረፈ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ኬር ኤችኤፍ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ 813 ሰዎችን በአማካይ ለ29 ወራት ያህል ተከታትሎ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 30 በመቶው ሲሞቱ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ዕቃው ከተተከለላቸው የሞቱት 20 በመቶ መሆናቸውን አሳየ።

እነዚህ ቁጥሮች ሰውን ያስጎመጃሉ፤ እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢኮ ሲአርቲ የተባለ ጥናት፣ በኢሲጂ ላይ ያለው መስመራቸው ከ130 ሚሊሰከንድ ያነሰ፣ ነገር ግን በኢኮ ሲታይ ልባቸው ያልተቀናጀ የሚመስል 809 ሰዎች ላይ ሕክምናውን ሞከረ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስል ነበር። ውጤቱ ግን ጥቅም ባለመገኘቱ ጥናቱ ቀድሞ እንዲቋረጥ የተደረገ ሲሆን፣ ዕቃው ከበራላቸው 45 ሰዎች፣ ካልበራላቸው ደግሞ 26 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ያ ማለት ጤናማውን የኤሌክትሪክ መንገድ ትቶ በሰው ሠራሽ ምት መተካት ራሱ ጉዳት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሕክምናው በጽኑ የሚመከረው፣ ተገቢው መድኃኒት እየተሰጣቸው የሕመም ስሜት ላልለቀቃቸው፣ ልባቸው በአንድ ምት የሚረጨው ደም በውስጡ ከሞላው 35 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ለሆነ፣ የልብ ምታቸው እንደ ተፈጥሮው ከላይኛው የቀኝ ክፍል ለሚነሣና የግራ ቅርንጫፍ መዘጋት ኖሮባቸው መስመሩ 150 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ለሰፋ ሰዎች ነው። ከ130 እስከ 149 ባለው ስፋት ምክሩ ይለዝባል፤ መዘጋቱ የግራው ካልሆነ ደግሞ የበለጠ ይለዝባል፤ ከ130 በታች፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ በስተቀር፣ አይመከርም።

«ሌላ ምክንያት» ያልሁት ይህ ነው። የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍል ግንኙነት ተቋርጦ ፔስሜከር የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ለእነርሱ የሚተከለው ተራ ፔስሜከር የታችኛውን ክፍል ከቀኝ በኩል ብቻ ስለሚመታ፣ የግራው ቅርንጫፍ የተዘጋ ያህል ምቱን ሊያዛባው ይችላል፤ ልባቸው አስቀድሞ የደከመ ሰዎች በዚህ የተነሣ ሲብስባቸው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ብሎክ ኤችኤፍ የተባለ ጥናት፣ ልባቸው የሚረጨው ደም 50 በመቶና ከዚያ በታች በሆነ እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ከሁለቱም ወገን መምታት ከቀኝ ብቻ ከመምታት እንደሚሻል አሳይቷል። ስለዚህ ተራ ፔስሜከር ተተክሎለት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ማጠር የጀመረው ሰው፣ «ዕድሜ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ኢኮ እንዲነሣለት ይጠይቅ።

እኔ መድኃኒቶቹን በሙሉ መጠን ለወራት ከወሰድሁ በኋላ ኢኮው እንደገና ተነሥቶ ልቤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም 27 በመቶ ላይ በመቅረቱ ነው ወደ ተከላው የተሄደው። ይህን የምናገረው ወራቱን መጠበቅ ያበሳጨኝ ስለነበር ነው፤ «ዕቃው ካለ ለምን አይተከልም?» ብዬ ነበር። በመድኃኒት ብቻ ልባቸው አገግሞ ዕቃው ሳያስፈልጋቸው የሚቀሩ ሰዎች እንዳሉ ሲነገረኝ ንዴቴ በረደ። ለአንድ ሐኪም ደግሞ የማመስገኛ ቃል ያንሰኛል፤ ከተከላው በፊት ቁጭ ብሎ «ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ የሚጠበቀውን ያህል ለውጥ ላያገኝ ይችላል» ብሎ በግልጽ ነግሮኛል። ሴቶች፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት የሌለባቸው ሰዎችና መስመራቸው በጣም የሰፋ ሰዎች በአብዛኛው የተሻለ ምላሽ እንደሚያሳዩም ነገረኝ፤ ልቤ የደከመው በደም ሥር መዘጋት ስላልነበረ በዚህ በኩል ተስፋ ነበረኝ።

የተከላው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ማደንዘዣው የአካባቢ ብቻ ስለነበረ ሁሉን እየሰማሁ ነበር። ሕመሙ ቆዳው ሲደነዝዝ ያለው ማቃጠልና ለሣጥኑ ኪስ ሲበጅ የሚሰማው ከባድ ግፊት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች በቶሎ ገቡ። ሦስተኛው ነው ጊዜውን የበላው፤ በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ወደ ደም መላሹ ሥር ገብተው ቀለም ሲረጩ በራጁ ስክሪን ላይ የደም ሥሮቼ ቅርንጫፍ እንደ ደረቀ ዛፍ ሲገለጥ አየሁ፤ ሐኪሙ ከቅርንጫፎቹ የምትመቸውን መርጦ ሽቦውን ሲያስገባ አንዷ በጣም ጠበበችው፣ ሌላዋ ላይ ረጋ። የእያንዳንዱ ሰው የደም ሥር አቀማመጥ የተለያየ ስለሆነ፣ የዚህ ሕክምና ውጤት ከፊሉ በዕጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንዳንዱ ሰው ምቹ ቅርንጫፍ ጨርሶ የለውም። የደም መፍሰስ፣ የሳንባ መበሳት፣ የሽቦ መንሸራተትና ኢንፌክሽን በማንኛውም ተከላ ላይ ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው፤ ከሁሉ የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው፤ ከያዘ ሣጥኑም ሽቦዎቹም ሁሉ መውጣት አለባቸው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በአራተኛው ሌሊት በግራ ጎኔ ስዞር፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር እንደ ስቅታ፣ ነገር ግን ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ በኩል፣ ከልቤ ምት ጋር እኩል ይመታኝ ጀመር። በጀርባዬ ስተኛ ጠፋ፤ ወደ ግራ ስዞር ተመለሰ። ሽቦው ልቤን ወግቶ የወጣ መስሎኝ ሌሊቱን ተቀምጬ አደርሁ። በኋላ እንደተነገረኝ ነገሩ የታወቀ ነው፦ የመተንፈሻውን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ በግራው የልብ ግድግዳ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ሦስተኛው ሽቦ የሚልከው ምልክት አልፎ አልፎ እርሱንም ይነካዋል፤ የሰውነት አቀማመጥ ሲለወጥ ነርቩና ሽቦው ስለሚቀራረቡ ተከላው ላይ ሲፈተሽ ያልታየው ሌሊት ላይ ይወጣል። በማግስቱ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ባለሙያ በስክሪኗ ፊት አስተኝታኝ፣ «አሁን ወደ ግራ ይዙሩልኝ፤ ሲሰማዎት ይንገሩኝ» እያለች፣ የእኔ ሽቦ ጫፉ ላይ አራት የመላኪያ ነጥቦች ስላሉት ከአንደኛው ነጥብ ወደ ሦስተኛው ቀየረችው፤ ስቅታው በዚያው ቅጽበት ቆመ። ቢላ አልተነሣም፣ መርፌም አልነካኝም። በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ብቻ የሚሠሩ የቀድሞ ሽቦዎች ቢሆኑ ምናልባት እንደገና መከፈት ይኖርብኝ ነበር፤ ሊተከልለት የታሰበ ሰው ሽቦው ባለ አራት ነጥብ መሆኑን ይጠይቅ የምለው ስለዚህ ነው። ቅሬታዬ ግን በዕቃው ላይ አይደለም፤ የተሰጠኝ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ስለ ቁስል አጠባበቅና ስለ እጅ እንቅስቃሴ ሲዘረዝር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ባለመያዙ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በሦስተኛው ወር ክትትል ላይ ነው። ሣጥኑ ከስንት ምት ስንቱን እንደመታ ይቆጥራል፤ የእኔው 91 በመቶ አለ። ጥሩ ውጤት መስሎኝ ፈገግ ስል ባለሙያዋ ግንባሯን ቋጠረች። በዚህ ሕክምና ተገቢው ቁጥር በተቻለ መጠን ወደ መቶ የተጠጋ፣ በተለምዶ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ነው። የጎደለው የት እንደሄደ ሲመረመር፣ ከታችኛው ክፍል ያለ ቦታቸው የሚነሡ ትርፍ ምቶች በብዛት እንደነበሩብኝ ታወቀ፤ በመድኃኒት ተቀነሱ፣ የመቁጠሪያውም ጊዜ አጠር ተደረገ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ 98 ከግማሽ ላይ ደርሶ እዚያው ጸና። ያልተስተካከለ የላይኛው ክፍል ምት ያለባቸው ሰዎች በዚህ የበለጠ ይቸገራሉ፤ ለአንዳንዶቹ የመካከለኛዋን ጣቢያ ሆን ብሎ በሙቀት ማጥፋት ድረስ ይኬዳል።

በነገራችን ላይ ቁጥሩ ራሱም ሊያታልል ይችላል። ሣጥኑ የሚቆጥረው የላከውን ምልክት ነው፤ ምልክቱ በእርግጥ ልብን ይዞ ማስነሣቱን ወይም የተፈጥሮው ምት ቀድሞት ወይም ከእርሱ ጋር ተደባልቆ መሄዱን በዚያ ቁጥር ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በየክትትሉ ልብን ከ12 አቅጣጫ የሚያሳይ ኢሲጂ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ። ከተከላው በፊት ከአራት ሳጥን ያልፍ የነበረው መስመሬ አሁን ከሦስት ሳጥን ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ እነርሱ ይናገራሉ።

ለውጡስ? መጀመሪያ የተሰማኝ በእግሬ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የካልሲው ጠርዝ የሚተወው ጉድጓድ እየጠፋ መጣ። ሦስት ትራስ ደርቤ እተኛ የነበርሁት በሁለት፣ ኋላም በአንድ መተኛት ጀመርሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ በተነሣው ኢኮ ልቤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ከ27 ወደ 44 በመቶ ከፍ ብሎ፣ የግራው በር ወደ ኋላ ማፍሰሱም ቀንሶ ተገኘ። ያልተለወጠውንም ልናገር፦ ደረጃ ስወጣ አሁንም መሐል ላይ እቆማለሁ፤ የሽንት መድኃኒቱ መጠን ቢቀንስም ሌሎቹን መድኃኒቶች በሙሉ እወስዳለሁ፣ ዕቃው መድኃኒትን ይተካል ብሎ ያቆመ ሰው ካለ ተሳስቷል። ኀዘን የሚሰማቸው ደግሞ ተስፋ አድርገው ለውጥ ያላዩ ናቸው፤ አንድ አብሮኝ ይከታተል የነበረ ሰው መስመሩ የሰፋው በቀኝ ቅርንጫፍ መዘጋት ስለነበረ ብዙም አልተሻለውም፤ ሁለታችንም የተተከለልን አንድ ዓይነት ዕቃ ነው።

ከመተከሉ በፊት የሚመጣ አንድ ምርጫ አለ፤ ሣጥኑ ምት ማቀናጀት ብቻ የሚሠራ ይሁን ወይስ አደገኛ የምት መዛባት ሲነሣ በኤሌክትሪክ ነዝሮ የሚያቆመውም ተጨምሮበት? ነዛሪው ያለበት ሣጥን ይተልቃል፣ ባትሪውም በአብዛኛው ቀድሞ ያልቃል፣ ያለ አስፈላጊ ጊዜ ነዝሮ ሰውን የሚያሸብርበትም አጋጣሚ አለ፤ በሌላ በኩል ከድንገተኛ ሞት የሚያድነው እርሱ ነው። ዴኒሽ የተባለው እ.ኤ.አ. የ2016 የዴንማርክ ጥናት፣ የልብ ድካማቸው ከደም ሥር መዘጋት ባልመጣ 1,116 ሰዎች ላይ ነዛሪ መጨመሩ ድንገተኛ ሞትን ቢቀንስም በጠቅላላው የሟቾችን ቁጥር በአስተማማኝ ሁኔታ አለመቀነሱን አሳይቷል፤ ከእነዚህ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት የማቀናጃው ዕቃም ነበራቸው። እኔ ይህን ሰምቼ ከሐኪሜ ጋር ተመካክሬ ነዛሪ የሌለውን መረጥሁ። ልቡ በደም ሥር መዘጋት የተጎዳ ሰው ምርጫው ሊለይ ይችላል።

ስለ አዲሱ አማራጭም መጠየቅ ተገቢ ነው። በቻይና እነ ዌይጂያን ሁዋንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቁት ዘዴ፣ ሽቦውን ከቀኝ በኩል በመሐሉ ግድግዳ ውስጥ እንደ ብሎን አሽከርክሮ አስገብቶ የግራውን ቅርንጫፍ ራሱን፣ ከመዘጋቱ ቦታ ወዲያ ካለው ጤነኛ ክፍል፣ መቀስቀስ ነው። ሲሳካ ምልክቱ የሚሮጠው በተፈጥሮው ፈጣን መንገድ ስለሆነ መስመሩ በጣም ይጠባል፤ የደም ሥሩ ቅርንጫፍ ላልተመቸው ሰውም መውጫ ይሆናል። ዛሬ ቢተከልልኝ ይህን እመርጥ ነበር ለማለት ግን ገና ነው፤ ከሁለቱ ወገን የመምታቱ ዘዴ ሞትን እንደሚቀንስ ያረጋገጡ ትልልቅ ጥናቶች አሉት፤ አዲሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማስረጃ በማጠራቀም ላይ ነው። ሁለቱንም የሚችል ሐኪም ማግኘት ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዱ ባይሳካ እዚያው ወደ ሌላው ይሻገራል።

የዕለት ኑሮው ከፈራሁት ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ክንዴን ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሣ ታዘዝሁ፤ ክንድን ጨርሶ ሳያንቀሳቅሱ ማንጠልጠል ግን ትከሻን ያደርቃል፣ እኔም ያን ባለማወቄ ለወር ያህል ስታሽ ኖሬአለሁ። ስልኬን በደረት ኪስ አልይዝም፤ ከሣጥኑ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ነው የሚባለው፣ ማግኔት ያለባቸው ስልኮችና የጆሮ ማዳመጫዎች በተለይ። በመፈተሻ በር ማለፍ ይቻላል፣ እዚያ መቆም ግን አይገባም። የእኔው ኤምአርአይ የሚፈቅድ ዓይነት ነው፤ ያም ሆኖ ከምርመራው በፊትና በኋላ ሣጥኑ መስተካከል ስላለበት መታወቂያ ካርዱ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው። አልጋዬ አጠገብ ያለችው ትንሽ መሣሪያ ሌሊት ሌሊት መረጃውን ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ትልካለች፤ አንድ ጊዜ ትርፍ ምቶቹ ሲመለሱ ለእኔ ከመሰማቱ በፊት ስልክ ተደውሎልኛል።

ባትሪው በእያንዳንዱ ምት ከሁለት ወገን ስለሚልክ ከተራው ፔስሜከር ቀድሞ ያልቃል። ሲያልቅ ሽቦዎቹ ባሉበት ቀርተው ሣጥኑ ብቻ ይለወጣል፤ ነገር ግን ኪሱ በተከፈተ ቁጥር የኢንፌክሽን ዕድል ስለሚጨምር መለወጫው ቢዘገይ ይመረጣል። ስለዚህ ባለፈው ክትትል ሦስተኛው ሽቦ የሚልከው ኃይል፣ ልብን ለመያዝ ከሚያስፈልገው በላይ ያለው ትርፍ እንዲቀነስ ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ኃይሉን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰች ልቤ የሚስትበትን ነጥብ ፈልጋ አገኘች፣ ለጥንቃቄ ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርጋ አቆመችው፣ ስክሪኑም የቀረውን ጊዜ እንደገና አሰላ። ከአምስት ዓመት ወደ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አለ።